በመዳፍ የሚያዝ ቤተ መንግሥት
ስለ ፈረንሳዊው የሚኒየቸር ሠዓሊ ዣን ባፕቲስት ኢዛቤ የተደረገ ምልልስ

ተነጋጋሪዎች፦ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህርና በውሃ ቀለም የምትሠራ ሠዓሊት። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሠዓሊት፦ ዣን ባፕቲስት ኢዛቤ በ1767 ተወልዶ በ1855 ሲሞት፣ በኖረበት ሰማንያ ስምንት ዓመት ውስጥ ፈረንሳይ ከቦርቦን ነገሥታት ወደ አብዮቱ ሪፐብሊክ፣ ከሪፐብሊኩ ወደ ናፖሊዮን ግዛት፣ ከዚያም ተመልሳ ወደ ቦርቦኖች፣ ወደ ሉዊ ፊሊፕ፣ ወደ ሁለተኛው ሪፐብሊክ፣ በመጨረሻም ወደ ናፖሊዮን 3ኛ ተላልፋለች፤ እርሱም በእነዚህ ሁሉ መንግሥታት ሥር ሥራ አላጣም፣ ከአብዛኞቹም ማዕረግ አግኝቷል። ታዲያ መምህር፣ እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ነፈሰበት ከሚያዘነብል አሽቃባጭ ለይቶ በሠዓሊነቱ ብቻ መመርመር እንዴት ይቻላል?

መምህር፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሰውዬው ጠባይ ይልቅ ከያዘው ሙያ ውስጥ ይገኛል። ሚኒየቸር የሚባለው፣ ማለትም በመዳፍ ተይዞ፣ በአንገት ተንጠልጥሎ ወይም በሣጥን ክዳን ላይ ተገጥሞ እንዲታይ የሚሠራው ትንሽ የመልክ ሥዕል፣ ከመጀመሪያው የቤተ መንግሥት ልጅ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዣን ክሉዌ የንጉሥ ፍራንሷ 1ኛን የጦር ባልደረቦች መልክ በብራና መጽሐፍ ገጾች ላይ በክብ በክብ አድርጎ ሣለ፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ራሱን የቻለ ዕቃ ሆነ። ነገሥታት በጋብቻ ሲዋዋሉ አንዱ የሌላውን መልክ ሳይገናኙ የሚያዩበት፣ አምባሳደር ሲሰናበት የሚሸለመው፣ ባሏ የዘመተባት ሴት ከደረቷ የምታኖረው ይኸው ነበር። ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል የሚሠራ ሰው ገዥዎችን ቢያኮርፍ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለከተማ አዳራሽ ሊሠራ ይችላል፤ ሚኒየቸር ሠዓሊ ግን ፊቱ ሕያው ሰው ካልተቀመጠለት ሥራ የለውም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የሚቀመጠው ሰው ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ ነው።

ሠዓሊት፦ ይህ አባባል ሙያውን ሁሉ ለሎሌነት የተፈጠረ ያስመስለዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ግን የነጋዴ ሚስትና ጠበቃም መልካቸውን ያሠሩ እንደነበር ይታወቃል፤ ፒተር አዶልፍ ሆል የተባለው ስዊድናዊ በዚያች ከተማ ከ1766 ጀምሮ ሲሠራ ከንጉሡ ቤተሰብ ሌላ ብዙ ደንበኞች ነበሩት።

መምህር፦ እርማቱ ትክክል ነው። በ1780ዎቹ አካባቢ ያለው ጊዜ የሚኒየቸር ወርቃማ ዘመን የሆነው ገበያው ከቤተ መንግሥት ቅጥር ስለ ወጣ ነው። ኢዛቤም ቢሆን የመጣው ከዚህ ከሰፊው ገበያ ነው። የተወለደው የሎሬን ዋና ከተማ በነበረችው በናንሲ፣ ያ አገር ወደ ፈረንሳይ ከተቀላቀለ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከነጋዴ ቤት ነው። በዚያው ከተማ ዣን ዢራርዴና ክሎዶ ከተባሉ ሠዓሊዎች ሥዕል ተማረ፤ በ1785 ፓሪስ ሲገባም እንጀራው የሱረት ሣጥን ክዳንና የልብስ ቁልፍ ነበር። ሱረት በአፍንጫ የሚሳብ የትምባሆ ዱቄት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ለጨዋ ሰው ሣጥኑ እንደ ዛሬው የእጅ ሰዓት የሚታይ ጌጥ ነው፤ ቁልፉም ትልቅና በሥዕል ያጌጠ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ዣክ ሉዊ ዳቪድ የሥዕል ቤት ገባ። ዳቪድ የዘመኑ ታላቅ የታሪክ ሠዓሊ ነው፤ ከእርሱ ዘንድ የሚማሩት ወጣቶች ሁሉ የሮማን ጀግኖች በትልቅ ሸራ ላይ ለመሣል ሲመኙ፣ ኢዛቤ ግን ሥዕልን ከዳቪድ፣ መተዳደሪያን ከሱረት ሣጥን እያገኘ ቆየ። በቬርሳይ የንጉሡን የወንድም ልጆች፣ የአንጉሌምንና የቤሪን መስፍኖች፣ ሲሥል የንግሥት ማሪ አንቷኔትን ዓይን ሳበ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ገና ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው።

ሠዓሊት፦ ወደ አብዮቱ ከመግባት በፊት ስለ አሠራሩ መነጋገር ይገባል፤ አለበለዚያ ኋላ ያደረገው ለውጥ አይገባም። ክሉዌ የሠራበት ብራና ነበር። ዣን ፔቲቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ለሉዊ 14ኛ የሠራው ደግሞ በኢናሜል፣ ማለትም የመስታወት ዱቄትን ከቀለም ጋር በብረት ላይ ቀብቶ በእሳት በማቅለጥ ነው፤ ይህ ለዘላለም የማይደበዝዝ ሲሆን ሠዓሊው ግን ከእሳት የሚወጣውን ቀለም አስቀድሞ መገመት አለበት። የዝሆን ጥርስን ያመጣችው ሮዛልባ ካሪዬራ የተባለች የቬኒስ ሠዓሊት ናት፤ በ1700 አካባቢ የሱረት ሣጥን ክዳኖችን በዚህ ሠርታ አሳየች፣ ከዚያ በኋላ አውሮፓ ሁሉ ተከተላት። ጥርሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች እስኪሳሳ ድረስ በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ ቅባቱ ይወጣለታል፣ በፐሚስ ድንጋይ ዱቄት ይሻካራል፣ በፀሐይ ይነጣል። እንዲህ ሲሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ከጀርባው ነጭ ወረቀት ወይም የብር ቅጠል ሲደረግበት በቀጭን የውሃ ቀለም የተነካው ጉንጭ ከውስጥ የደም ሙቀት ያለው ይመስላል። ሙያተኛው የሚያስቀረው ባዶ ቦታ ከሚቀባው ይበልጥ ዋጋ አለው፤ የሥጋ ብርሃን የሚመጣው ካልተቀባው ጥርስ ነውና።

መምህር፦ ችግሩስ?

ሠዓሊት፦ ችግሩ ጥርስ ውሃ አይጠጣም። በወረቀት ላይ እንደሚደረገው ቀለምን በሰፊው አፍስሶ ማስኬድ አይቻልም፤ ውሃው ተሰብስቦ ይንሸራተታል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲነካም ከሥር ያለው ይነሣል። ስለዚህ ቀለሙ በግራር ሙጫ ይወፍርና በብሩሽ ጫፍ በነቁጥ በነቁጥ፣ ወይም በአጫጭር መስመሮች ይደረደራል፤ ልብሱና መደቡ ግን ብርሃን በማያሳልፍ ወፍራም ቀለም፣ ጉዋሽ በሚባለው፣ ይሸፈናል። በዚህ ላይ የጥርሱ ስፋት ከዝሆኑ ጥርስ ውፍረት አያልፍም፤ ሠዓሊው ምንም ቢመኝ ሥዕሉ ከመዳፍ እምብዛም ሊሰፋ አይችልም። እርጥበት ሲነካው ይጣመማል፤ ቀዩ ቀለም፣ በተለይ ካርሚን የሚባለው፣ በብርሃን ይጠፋል። ዛሬ በቤተ መዘክር ከሚታዩት ሥዕሎች ብዙዎቹ ሴቶች የገረጡ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት እንጂ ሠዓሊው ስላቀዘቀዛቸው አይደለም።

መምህር፦ እንግዲህ ኢዛቤ የገባበት ሙያ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበሩበት። ሆል ብሩሹን በነጻነት እያወናጨፈ ልብስንና ጠጉርን ሕያው ያደርግ ነበር። እንደ ኢዛቤ ከሎሬን የመጣው ዣን ባፕቲስት ኦጉስታን ደግሞ ነቁጡ እስኪጠፋ ድረስ አለስልሶ፣ ፊትን እንደ ኢናሜል የጠነከረና የሚያበራ አድርጎ ያወጣው ነበር። ሁለቱ ሲመዘኑ፣ ፊትን በማነጽ ኦጉስታን ከኢዛቤ ይበልጣል ቢባል ከእውነት አይርቅም። የኢዛቤ ጥንካሬ ሌላ ቦታ ነው፤ እርሱም ሰውን ከሰው ጋር፣ ሰውን ከስፍራው ጋር የማደራጀት ችሎታ ነው። ይህን ችሎታ ያወጣው አብዮቱ ነው።

ሠዓሊት፦ እንዴት? ደንበኞቹ ተሰደዱ፣ ንግሥቲቱም በ1793 ተገደለች።

መምህር፦ ደንበኛው ሲጠፋ ሌላ ደንበኛ መጣ። በብሔራዊው ሸንጎ የተቀመጡት ተወካዮች መልካቸው እየተቀረጸ በኅትመት ይሠራጭ ነበር፤ ኢዛቤም ለእነዚህ ስብስቦች ብዙ መልኮችን ነደፈ። በዚያው ዘመን ዢል ሉዊ ክሬቲየን የፈለሰፈው ፊዚዮኖትራስ የሚባል መሣሪያ ነበር፤ በተያያዙ በትሮች አማካይነት የሰውን የጎን መልክ ተከትሎ ይነድፍና ንድፉ ተቀንሶ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ከአንድ ሰሌዳም ብዙ ቅጂ በርካሽ ይወጣ ነበር። ሚኒየቸር ሠዓሊዎች ፎቶግራፍ ከመምጣቱ ግማሽ መቶ ዓመት አስቀድመው ከመሣሪያ ጋር መወዳደር እንደ ጀመሩ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኢዛቤ ለዚህ የሰጠው መልስ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ጠመኔ መሥራት ነው። ጠመኔውን በተጠቀለለ ቆዳ እያሻሸ ከጥልቅ ጥቁር እስከ ቀጭን ግራጫ ያሸጋግረዋል፤ ውጤቱ የእንግሊዞችን የመዳብ ኅትመት ይመስላል፣ ነገር ግን አንድ ብቻ የሆነ የእጅ ሥራ ነው። ከእነዚህ የታወቀው በ1790ዎቹ መጨረሻ የሠራው፣ ራሱን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በጀልባ ላይ ያሳየበት ሥዕል ነው። በዚህ ሥራ ከመዳፍ ስፋት ወጣ፤ ከአንድ ፊትም ወደ ቤተሰብ አለፈ።

ሠዓሊት፦ በዚያን ጊዜ ጓደኞቹም የታወቁ ነበሩ። ፍራንሷ ዤራር በ1795 የሣለው፣ ኢዛቤ ትንሿን ልጁን አሌክሳንድሪንን በእጇ ይዞ ከውሻቸው ጋር የሚታይበት ትልቅ ሥዕል ዛሬ በሉቭር አለ፤ ከሱረት ሣጥን የተነሣ ሰው እንደ ጨዋ በሙሉ ቁመቱ ቆሞ መሣሉ ራሱ የዘመኑ ምልክት ነው።

መምህር፦ የዚያ ሥዕል ታሪክ የኢዛቤን አንድ ጠባይ ያሳያል። ዤራር ገና ድሃ ሳለ ቤሊሴር የተባለ ሥዕሉን የሚገዛው አጥቶ ነበር፤ ኢዛቤ ገዛው፣ ኋላ በበለጠ ዋጋ ሲሸጥለት ትርፉን ለዤራር መለሰለት፤ ዤራርም በምስጋና መልኩን ሣለለት። ሉዊ ሌዮፖልድ ብዋዪ ደግሞ በ1798 ለሕዝብ ባሳየው ሥዕል ሠላሳ ያህል ሠዓሊዎችን፣ ቀራፂዎችንና የቴአትር ሰዎችን በኢዛቤ የሥዕል ቤት ውስጥ ሰብስቦ አሳይቷል። ትልልቅ የታሪክ ሠዓሊዎች ሳሉ የዘመኑ የጥበብ ሰዎች ስብሰባ በአንድ ሚኒየቸር ሠዓሊ ቤት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሰው የሚሰበሰብበት ሰው ነበር፤ በኋላ በቪየና ያደረገውን ለመረዳት ይህን መያዝ ያስፈልጋል።

ሠዓሊት፦ ወደ ናፖሊዮን ያደረሰው መንገድስ የትኛው ነው?

መምህር፦ ማስተማር ነው። የማሪ አንቷኔት ደንገጡር የነበረችው ማዳም ካምፓን ከአብዮቱ በኋላ በሴን ዠርመን ኦን ሌ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር፤ ኢዛቤ በዚያ ሥዕል ሲያስተምር ከተማሪዎቹ አንዷ ኋላ የናፖሊዮን ሚስት የሆነችው የዦዜፊን ልጅ ኦርታንስ ነበረች። በዚህ በኩል ወደ ቦናፓርት ቤት ገባ። በ1801 አካባቢ የሠራው፣ የመጀመሪያው ቆንሲል ናፖሊዮን በመኖሪያ ቤቱ በማልሜዞን አትክልት ውስጥ እጁን በሰደርያው ውስጥ አስገብቶ ብቻውን የቆመበት ሥዕል በኅትመት በየአገሩ ተሠራጨ። ሥዕሉ ውስጥ ዙፋን የለም፣ ፈረስ የለም፣ ጭስም የለም፤ ሰውዬው በዛፎች መካከል ቆሞ ያስባል። ዳቪድ በዚያው ጊዜ ናፖሊዮንን በሚያስገርም ፈረስ ላይ አስቀምጦ አልፕስን ያሻግረው ነበር። የትኛው ይበልጥ ሰውዬውን ይገልጻል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ለኢዛቤ የሚያደሉት ጥቂቶች አይደሉም።

ሠዓሊት፦ እዚህ ላይ መስማማት ይቻላል። ነገር ግን ከ1804 በኋላ ያለው ኢዛቤ ከሠዓሊ ይልቅ የአልባሳት ሹም ይመስላል።

መምህር፦ አንቺ የአልባሳት ሹም ያልሽው የሥራው ዋና ክፍል ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 1804 በኖትር ዳም ካቴድራል ለተፈጸመው ሥርዓተ ንግሥ ልብሶቹን ነደፈ፤ የሕንጻውን ማስዋብ የያዙት ፐርሲዬና ፎንቴን የተባሉት አርክቴክቶች ናቸው። እንደሚተረከው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ሥርዓቱን ደረጃዎች የሚያሳዩ ሥዕሎች በጥቂት ቀናት እንዲቀርቡለት ባዘዘ ጊዜ፣ ያን ያህል ሥዕል ማድረስ እንደማይቻል የተረዳው ኢዛቤ ትንንሽ የእንጨት አሻንጉሊቶችን ገዝቶ የወረቀት ልብስ አለበሳቸውና በካቴድራሉ ፕላን ላይ አቆማቸው፤ እያንዳንዱም ባለሥልጣን የሚቆምበትን ቦታ በእነርሱ አየ፣ ልምምዱም በእነርሱ ተካሄደ። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ ትንሽ ያጌጠ ሊሆን ይችላል፤ ጭብጡ ግን የሰውዬውን ሙያ በትክክል ይመታል። በጣት ስፋት ፊት ሲሥል የኖረ ሰው መንግሥትን ሁሉ በጠረጴዛ ስፋት ማየት ይችላል። አብዮት የድሮውን ሥርዓት ስላጠፋው አዲሱ ንጉሠ ነገሥት የሚወርሰው የቤተ መንግሥት ወግ አልነበረውም፤ ወጉ ተፈልስፎ መሠራት ነበረበት፣ ለዚህም ከጦር መኮንን ይልቅ በመልክና በልብስ ዝርዝር ውስጥ የኖረ ሰው ይጠቅም ነበር። ኢዛቤ ለዚህ ማዕረጎቹን ተቀበለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ሥርዓት ነዳፊ፣ የእቴጌ ዦዜፊን ሠዓሊ፣ ከ1807 ጀምሮም የኦፔራ ቤቱ የመድረክ ሥዕል ኃላፊ ሆነ።

ሠዓሊት፦ በዚያ ሁሉ ሹመት መካከል ሚኒየቸሩን ማን ይሠራው ነበር?

መምህር፦ ረዳቶቹ፣ በብዛት። የናፖሊዮን መንግሥት ለውጭ አምባሳደሮችና ለጦር መኮንኖች በአልማዝ የተከበበ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት የወርቅ ሣጥን ይሸልም ነበር፤ የክብሩ ልክ የሚታወቀው በአልማዙ ብዛት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሥዕል ብዙ ስለሆነ ኢዛቤ አንድ ዋና መልክ ሠርቶ የሥዕል ቤቱ ሠራተኞች ይገለብጡት ነበር፤ ኦጉስታን፣ ዣን ጌረንና ዳንኤል ሴንም በየፊናቸው ለዚሁ ሽልማት ይሠሩ ነበር። ተሸላሚዎቹ ደግሞ አልማዙን ነቅለው መሸጣቸው የተለመደ ነው። ሥዕሉ በመስታወት ሥር ስለሚገጠም ያለ ችግር ወጥቶ በሌላ ሊተካ ይችላል፤ መንግሥት ሲለወጥ ሣጥኑን ጥሎ ሌላ ማሠራት አያስፈልግም።

ሠዓሊት፦ የሠዓሊውም ነገር እንደ ሣጥኑ ነው ማለት ነው።

መምህር፦ ንጽጽሩ ጨካኝ ነው፣ ግን ሐሰት ነው ለማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ሌላ ሠዓሊ የማይደፍረውን ሞከረ። ሴቭር በተባለው የመንግሥት የፖርሴሊን ፋብሪካ፣ ማለትም ነጭና ብርሃን የሚያስተላልፍ ሸክላ በሚሠራበት ቤት፣ በ1806 የታዘዘው የማርሻሎች ጠረጴዛ እስከ 1810 ድረስ ተሠራ። በጠረጴዛው ገጽ መካከል ናፖሊዮን ተሥሏል፤ ከእርሱ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚወጡት 13 መልኮች የጦር መሪዎቹና የቅርብ ሹማምንቱ ናቸው። ቀለሙ ወደ ምድጃ ሲገባ ስለሚለወጥ፣ አንዱ ቢበላሽ የወራት ሥራ ስለሚጠፋ፣ ይህ ለጥርስ ሠዓሊ ትልቅ ድፍረት ነበር። ጠረጴዛው ዛሬ በማልሜዞን ይገኛል።

ሠዓሊት፦ ከዚያ በኋላ ናፖሊዮን ወደቀ። ኢዛቤ ግን በቪየና ጉባኤ ታየ፤ የተሸነፈች አገር ሠዓሊ አሸናፊዎቹን ሲሥል።

መምህር፦ ቪየና ለእርሱ እንግዳ አልነበረችም፤ ሥዕል ያስተማራት የናፖሊዮን ሁለተኛ ሚስት እቴጌ ማሪ ልዊዝ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ልጅ ስለነበረች በ1812 ሄዶ ቤተሰቧን ሥሎ ነበር። በመስከረም 1814 ጉባኤው ሲጀመር የፈረንሳዩ መልእክተኛ ታሌራን እንዲሄድ አበረታታው፤ ጌራርድ ቴር ቦርኽ በ1648 የሙንስተርን የሰላም ውል ሲያጸድቁ የሣላቸውን የመልእክተኞች ሥዕል እንዳሳየውም ይነገራል። ኢዛቤ በቪየና የከፈተው የሥዕል ቤት ነገሥታትና መሳፍንት የሚመላለሱበት ሆነ። በጉባኤው ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጠው አልተሣሉለትም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መጥተው መልካቸው ተነደፈ፣ ከዚያም እርሱ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰባቸው። የኖትር ዳሙ አሻንጉሊቶች ዘዴ እዚህ በሕያዋን ፊቶች ተደገመ። የስምንቱ ፈራሚ መንግሥታት፣ ማለትም የኦስትሪያ፣ የብሪታንያ፣ የሩሲያ፣ የፕሩሲያ፣ የፈረንሳይ፣ የስፔን፣ የፖርቱጋልና የስዊድን መልእክተኞችና ረዳቶቻቸው 23 ሰዎች ናቸው።

ሠዓሊት፦ ሥዕሉን ላየ ሰው የመጀመሪያው ችግር ማን ይቀድማል የሚለው ነው። 23 ሰዎችን ማንም ሳይከፋው ማስቀመጥ ከሥዕል ይልቅ የዲፕሎማሲ ሥራ ነው፤ ጉባኤው ራሱ በቅደም ተከተል ጥያቄ ላይ ስንት ቀን አጥፍቷል።

መምህር፦ የእርሱ መፍትሔ የሥዕሉን ጊዜ መምረጥ ነበር። በየካቲት 1815 የዌሊንግተን መስፍን የብሪታንያውን መልእክተኛ ካስልሬይን ሊተካ ቪየና ሲደርስ ሥዕሉ ተጀምሮ ነበር፤ የሚገባበት ቦታ ጠፋ። ስለዚህ ኢዛቤ ሥዕሉን ዌሊንግተን ወደ አዳራሹ የሚገባበት ቅጽበት አደረገው፤ መስፍኑ በግራ ዳር በጎን መልኩ ቆመ፣ ካስልሬይ በመካከል ተቀምጦ ቀረ፣ የኦስትሪያው ሜተርኒክ ከፊት ቆሞ ታየ፣ ታሌራንም በቀኝ በኩል ከጠረጴዛው አጠገብ ክንዱን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሰዎቹ ተነሥተው ተቀምጠው፣ ዞረው ተነጋግረው ስለሚታዩ ማን የበላይ እንደሆነ መናገር ያስቸግራል፤ ያ ደግሞ ሁሉንም አስደሰተ። የአሸናፊዎች ስብሰባ የሆነው ሥዕል፣ የተሸነፈችውን አገር መልእክተኛ ከሁሉ ጋር እኩል አድርጎ ማስቀመጡ ታሌራን በጉባኤው የደከመለትን ጉዳይ በወረቀት ላይ የፈጸመ ነው። ንድፉ ዛሬ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ጎድፍሯ በመዳብ ቀርጾ በ1819 ባወጣው ኅትመት ነው። የኢዛቤ ምርጥ ሥራ የቱ ነው ቢባል ይህ ነው የሚል ዳኝነት ሊሰጥ ይችላል፤ ያለ ሚኒየቸር ልምድ ባልተሠራም ነበር።

ሠዓሊት፦ ምርጥ ሥራው መሆኑ ቢያከራክርም ለሙያው የበለጠውን ያደረገው ግን በወረቀት ነው። የዝሆን ጥርስን ወደ ጎን ትቶ በወፍራም ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም መሥራት ከጀመረ በኋላ የመልክ ሥዕል ከመዳፍ ወደ እጅ ስፋት አደገ፤ ቀለሙ እንደ ልብ የሚፈስ ሆነ፤ ነጩ ወረቀት የጥርሱን ብርሃን በከፊል ተካ። ቦርቦኖች ከተመለሱ በኋላ ያሉት ሴቶች፣ በስስ ነጭ ሻሽ ራሳቸው ተሸፍኖ፣ በጽጌረዳ ተከበው፣ ደመና መሰል መደብ ላይ የሚታዩት በዚህ ዘዴ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን እዚህ ላይ ድክመቱም ይታያል፤ ሻሹ ጠጉርን፣ አንገትንና ትከሻን ሸፍኖ ለመንደፍ አስቸጋሪውን ሁሉ ይሰውረዋል፤ አሥር ሴቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ እህትማማች ይመስላሉ።

መምህር፦ ይህ ፍርድ ሠዓሊ የሆነ ሰው ብቻ የሚሰጠው ነው፤ ትክክልም ነው። ደንበኞቹ ግን የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ ከጦርነትና ከስደት የተመለሰ ማኅበረሰብ እውነተኛ መልኩን ከማየት ይልቅ በሻሽ ውስጥ ማረፍን መረጠ።

ሠዓሊት፦ ከ1815 በኋላ ያለው ሕይወቱ ብዙ አይነገርበትም።

መምህር፦ ብዙም የሚነገርበት የለም። ሊቶግራፊን፣ ማለትም በልዩ ድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ ተሥሎ የሚታተመውን ዘዴ፣ ከመጀመሪያዎቹ ከተቀበሉት አንዱ ነበር፤ በ1822 ጣሊያንን ዞሮ ያየውን በዚህ ዘዴ አሳተመ። ሉዊ 18ኛንም ሣለ፤ የንጉሡ ሚኒየቸር ሠዓሊነት ክብር ግን የኦጉስታን ተማሪ ወደሆነችው ወደ ማዳም ደ ሚርቤል ዘነበለ። በ1837 ሉዊ ፊሊፕ በንጉሣዊ ቤተ መዘክሮች ረዳት ጠባቂ አድርጎ ሾመው፤ ናፖሊዮን 3ኛም በሽምግልናው የክብር ሌጌዎን ኮማንደር አደረገው። ልጁ ኤዥን ኢዛቤ (1803–1886) የባሕርና የማዕበል ሠዓሊ ሆነ፤ ከአባቱ ሥራ ጋር የሚያገናኘው የውሃ ቀለሙ ፍጥነት ብቻ ነው።

ሠዓሊት፦ ሙያው ግን ከአባትየው ጋር ነው የሞተው። በጥር 1839 የሉዊ ዴጌር ግኝት በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሲታወቅ ኢዛቤ በሕይወት ነበር።

መምህር፦ ዴጌር ለኢዛቤ ቤተሰብ የሩቅ ሰው አልነበረም። በዤራር ሥዕል ላይ ትንሽ ልጅ ሆና የምትታየው አሌክሳንድሪን የመድረክ ሠዓሊውን ሲሴሪን አገባች፤ ሲሴሪና ዴጌር ደግሞ በ1822 በፓሪስ ኦፔራ በጋዝ መብራት ለታየው ለአላዲን ኦፔራ መድረኩን አብረው ሣሉ። ዴጌር የብርሃንን ማታለያ የተማረው በመድረክ ላይ ነው፤ ኋላም ብርሃኑ ራሱ በብር በተለበጠ ሰሌዳ ላይ መልክን እንዲያትም አደረገ። የመጀመሪያዎቹ የዴጌር ፎቶግራፎች ሚኒየቸር በሚቀመጥበት ዓይነት በቬልቬት በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ገብተው ይሸጡ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ብዙ ሚኒየቸር ሠዓሊዎች በፎቶግራፍ ላይ ቀለም በመቀባት መተዳደር ጀመሩ። በኅዳር 1854 ፎቶግራፍ አንሺው አንድሬ ዲዝዴሪ በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ ትንንሽ መልኮችን ለማንሳት የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ኢዛቤ የሞተው በሚቀጥለው ሚያዝያ ነው።

ሠዓሊት፦ ሥራዎቹን በአካል ማየት ለሚፈልግ ተመራማሪ ከባዱ ነገር የኢዛቤን እጅ ከረዳቶቹ መለየት ነው። ሉቭር፣ ማልሜዞንና በለንደን ያለው የዋላስ ስብስብ ብዙ ይዘዋል፤ ብዙዎቹም ስሙ ተፈርሞባቸዋል። ፊርማ ግን በሥዕል ቤት ውስጥ ለተሠራ ግልባጭም ይሰጥ ነበር።

መምህር፦ ስለዚህ ከፊርማው ይልቅ ብሩሹን ማየት ይሻላል። የኢዛቤ የራሱ እጅ ባለበት ሥዕል ላይ ዓይንና አፍ በጥንቃቄ በነቁጥ ይሠራሉ፤ ጠጉርና ልብስ ግን ፈጥነው በተሳቡ ጥቂት መስመሮች ይጠናቀቃሉ፣ ከመደቡም የተወሰነው ሳይቀባ ይተዋል። ረዳት የሠራው ግልባጭ ላይ ያ ጥንቃቄ በሁሉም ቦታ እኩል ይዘረጋል፤ የንጉሠ ነገሥቱ አዝራርና የንጉሠ ነገሥቱ ዓይን አንድ ዓይነት ትጋት ያገኛሉ።

ሠዓሊት፦ በማጉያ መነጽር ሲታዩ ግን ከ1805 እስከ 1812 ባሉት የሽልማት ሣጥኖች ላይ ይህ መለያ ሁልጊዜ አይሠራም፤ የተካኑ ረዳቶች የጌታቸውን ፍጥነት መምሰልም ችለዋልና።

መምህር፦ በእነዚያ ላይ ከሥዕሉ ይልቅ ከሣጥኑ ጀርባ ያለውን የወርቅ ሠሪ ማኅተምና ከቤተ መንግሥቱ የክፍያ መዝገብ ጋር የሚስማማውን ቀን መመርመር የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል።